ፌስ-ኢዝም ምንድን ነው? የመጽሔት ሽፋን ለወንድና ለሴት ፊት የሚሰጠው ቦታ

በመጽሔት ሽፋን ላይ ስለሚወጡ ምስሎች የሚነሳው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የልብስ ክርክር ነው። ቀሚሱ አጠረ፣ ደረቱ ተገለጠ፣ ይህ ነውር ነው ወይስ ነጻነት የሚለው ሙግት በእኛም አገር ሆነ በሌላው ዓለም የቆየ ነው። በ1983 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ክሩዝ የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር የነበሩት ዴን አርቸር ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ጥናት ግን ከልብሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አነሳ፤ ፎቶግራፉ የተቆረጠው የት ላይ ነው? (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንዲት ሴት ከአንገቷ እስከ እግሯ ተሸፍና እንኳ ምስሏ ከሥራ ባልደረባዋ ከወንዱ በተለየ መንገድ ሊያቀርባት ይችላል። ወንዱ በፊቱ፣ ሴቷ ግን በአካሏ እንድትታይ የሚያደርገውን ይህን ልማድ ተመራማሪዎቹ ፌስ-ኢዝም ብለው ሰየሙት።

መለኪያው ማስመሪያ በእጁ ላለ ሰው ሁሉ ክፍት ነው። በምስሉ ላይ ከሰውየው አናት እስከ አገጩ ጫፍ ያለው ርዝመት ይለካል፤ ቀጥሎም ከአናቱ ተነስቶ በምስሉ ውስጥ እስከሚታየው የመጨረሻው የአካሉ ክፍል ያለው ርዝመት ይለካል፤ የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል ከ0 እስከ 1 ባለው መካከል የሚያርፍ ቁጥር ይገኛል፤ ይህንን ቁጥር የፊት ድርሻ እንበለው። ከአገጭ በታች ምንም የማይታይበት ምስል 1 ያገኛል። ቆሞ እስከ ጫማው የሚታይ ጎልማሳ ደግሞ፣ የሰው ቁመት የጭንቅላቱን ሰባት ወይም ስምንት እጥፍ ያህል ስለሆነ፣ ውጤቱ ከ0.15 በታች ይወርዳል። ለመታወቂያ የምንነሳው ጉርድ ፎቶግራፍ ከሁለቱ ወደ 1 ይቀርባል። የልብሱ ዓይነት፣ የፊቱ ገጽታ፣ መብራቱና በጎን የተጻፈው ርዕስ በስሌቱ ውስጥ አይገቡም። ይህ የመለኪያው ድክመት መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን በምንም የማይስማሙ ሁለት ሰዎች አንዱን ምስል ለክተው አንድ ዓይነት ቁጥር ላይ የሚደርሱት በዚሁ ምክንያት ነው።

የአርቸር ቡድን በመጀመሪያ የለካው ታይምና ኒውስዊክን ጨምሮ በአሜሪካ ጋዜጦችና መጽሔቶች ላይ የወጡ 1,750 ፎቶግራፎችን ነበር። የወንዶቹ አማካይ የፊት ድርሻ 0.65፣ የሴቶቹ 0.45 ሆኖ ተገኘ። ከሚታየው የወንዱ አካል ሁለት ሦስተኛው ገደማ ፊት ሲሆን የሴቷ ፊት ግማሽ እንኳ አልሞላም ማለት ነው። ጉዳዩ የአሜሪካ ጠባይ ብቻ እንዳይሆን በ11 አገሮች የታተሙ ምስሎች ተሰብስበው ተለኩ፤ ልዩነቱ እዚያም ነበረ። የካሜራ ነገር እንዳይሆን ካሜራ ከመፈጠሩ በፊት የተሳሉትን ጨምሮ ባለፉት ክፍለ ዘመናት የተሠሩ ሥዕሎች ተመረመሩ፤ እዚያም ታየ። አራተኛው ሙከራ ከሁሉ ይልቅ ያስገርማል። ተማሪዎች ወረቀትና እርሳስ ተሰጥቷቸው ወንድ ወይም ሴት እንዲስሉ ሲጠየቁ፣ ገበያም አለቃም የሌለባቸው እነዚህ ወጣቶች ለወንዱ ትልቅ የፊት ድርሻ፣ ለሴቷ ግን አነስተኛውን ሰጡ።

ጥናቱ የቁጥር ጨዋታ ብቻ ሆኖ ያልቀረው ግን በአምስተኛው ክፍሉ ነው። ተመልካቾች የአንድን ሰው ፎቶግራፍ በተለያየ መጠን ተቆርጦ ሲያዩ፣ ፊቱ ጎልቶ የወጣበትን ምስል ያዩት ሰውየውን የበለጠ ብልህና ለትልቅ ነገር የሚተጋ አድርገው ገመቱት። ሰውየው ያው ነው፤ የተለየው መቀሱ ያረፈበት ቦታ ብቻ ነው። አእምሮንና ጠባይን ከፊት፣ ውበትንና ስሜትን ከአካል ጋር የማያያዝ ልማዳችን አንባቢው ርዕሱን ሳያነብ ሥራውን ይጀምራል። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ይህን ኃይል ሳያውቁት የቀሩ አይመስለኝም፤ በባህላዊው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይናቸው ሲሳሉ፣ ሰይጣንና ክፉዎች ከጎን በአንድ ዓይን የሚሳሉት በዘፈቀደ አይደለም።

እርግጥ ነው፣ ፊቷ ስንት እጅ እንደያዘ ለመጠየቅ በመጀመሪያ ሴቷ ሽፋኑ ላይ መገኘት አለባት። ታይም መጽሔት በ1936 መጀመሪያ ላይ አፄ ኃይለ ሥላሴን የ1935 «የዓመቱ ሰው» አድርጎ በሽፋኑ ካወጣ በኋላ፣ በተከታዩ ዓመት ክብሩን የሰጠው የእንግሊዝ ንጉሥ ዙፋናቸውን ለተዉላቸው አሜሪካዊት ለዋሊስ ሲምፕሰን ነበር፤ ይህንን ስያሜ ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴትም እሳቸው ናቸው። ከዚያ እስከ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ለብቻቸው የተመረጡት ሴቶች የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥና የፊሊፒንሷ ኮራዞን አኪኖ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ከዜና መጽሔት ሽፋኖች የሚሰላ የሴቶች አማካይ ብዙ ጊዜ በጥቂት ምስሎች ላይ የቆመ ነው።

ቁጥሩ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት ኅዳር 2009 የወጣውን የኒውስዊክ ሽፋን ማስታወስ ይበቃል። በ2008ቱ ምርጫ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት የቀድሞዋ የአላስካ ገዥ ሣራ ፔሊን በአጭር የሩጫ ቁምጣ ሙሉ አካላቸው እየታየ ቀረቡ። ምስሉ የተነሳው ራነርስ ወርልድ ለተባለ የሩጫ መጽሔት ሲሆን በዚያ ቦታ ማንንም የሚያስቀይም አልነበረም፤ ስለ ሩጫ የሚናገር ሰው እግሩ ቢታይ ምን ይገርማል? ኒውስዊክ ግን ያንን ምስል ስለ ፖለቲካቸው በሚተች ጽሑፍ ላይ አኖረው። ፔሊን ሽፋኑን ሴትነታቸውን የሚያዋርድ ነው ብለው ሲያወግዙ፣ አዘጋጁ በበኩሉ በእጃችን ካለው ሁሉ የሚስበውን መረጥን ሲል ተከላከለ። የፔሊንን ፖለቲካ የማይወዱ ብዙ ሰዎችም በዚህኛው ነገር ከእሳቸው ጋር ቆመዋል። እኔም አቤቱታቸው ተገቢ ነበር እላለሁ፤ አንድን ፖለቲከኛ በሐሳቡ ለመሞገት የተነሳ መጽሔት መጀመሪያ የሚያሳየን እግሩን ከሆነ ሙግቱ ገና ሳይጀመር ተበላሽቷል።

ቮግ የተባለው የፋሽን መጽሔት የየካቲት 2021 ሽፋን ደግሞ ሁለት አማራጮችን ጎን ለጎን የምናይበት ያልተለመደ አጋጣሚ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ታይለር ሚቸል ያኔ ተመራጭ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩትን ካማላ ሃሪስን በሁለት መልክ አንስቷቸው ነበር። ለኅትመት የተመረጠው በሮዝና በአረንጓዴ መጋረጃ ፊት በጥቁር ጃኬትና በሸራ ጫማ ቆመው እስከ እግራቸው የሚታዩበት ነው። በድረ ገጽ የወጣው ሌላኛው ደግሞ ቀለል ያለ ሰማያዊ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ ከወገብ በላይ ቀረብ ብለው የሚታዩበት ነው። የሃሪስ ቡድን ለኅትመቱ ይመረጣል ብሎ የጠበቀው ሰማያዊውን እንደነበር በወቅቱ ተዘግቧል፤ ቅሬታው ሲበረታም መጽሔቱ ሁለተኛውን ምስል በተወሰነ ቅጂ አሳትማለሁ አለ። ተቺዎቹ በአብዛኛው ያነሱት የመብራቱን ነገርና የአለባበሱን ቀለል ማለት ነበር። ማስመሪያውን ያነሳ ግን ሌላ ነገር ያያል፤ በሁለተኛው ምስል የፊታቸው ድርሻ ከመጀመሪያው በግልጽ ይበልጣል። ብዙ ተመልካች ምክንያቱን ሳይመረምር ይኛው ለሥልጣናቸው ይመጥናል ያለው በከፊል ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በእንቁጣጣሽና በገና ሰሞን በሚወጡ የአማርኛ መጽሔቶች ላይ ሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ሴት ከነጥበቡ ከራስ እስከ እግር መታየቷ የተለመደ ነው። በልብስ ሚዛን ከታየ ይህ ምንም እንከን የማይወጣለት ጨዋ ምስል ነው፤ በፊት ድርሻ ሚዛን ግን ዝቅተኛውን ቁጥር ያገኛል። ይህን የምለው ቀሚሱን ለመንቀፍ አይደለም፤ ጥበቡ መታየት አለበት፣ በዓልም ነው። ሆኖም በዚያው ዕትም የሚጠየቀው ነጋዴ ወይም ደራሲ ወንድ ሲሆን በጉርድ፣ የምትጠየቀው ሐኪም ወይም መምህርት ሴት ስትሆን ግን በሙሉ ቁመት የምትቀርብ ከሆነ፣ የጨዋነት ክርክር ይህንን ልዩነት ሊያሳየን አይችልም።

ይሁን እንጂ ትልቅ ፊት ሁልጊዜ ትልቅ ክብር ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው፤ ማስረጃውም ያው ቮግ ነው። የአሜሪካው ቮግ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ሽፋኖቹን የሚሞላው በአብዛኛው በሴት ፊት ብቻ ነበር፤ ሪቻርድ አቬዶን ለዓመታት ያነሷቸው እነዚያ ምስሎች በማስመሪያ ቢለኩ ወደ 1 የሚጠጉ ናቸው። አና ዊንቱር አዘጋጅነቱን ተረክበው በኅዳር 1988 ባወጡት የመጀመሪያ ሽፋን ላይ ግን ሞዴሏ ከቤት ውጭ በጂንስ ሱሪ ታየች፤ የፊት ድርሻዋም አነሰ። አሮጌዎቹ ሽፋኖች ሴቷን የበለጠ አስተዋይ አድርገው ያቀርቡ ነበር ማለት ይቻላልን? አይመስለኝም። እዚያ ፊቱ የገነነው የከንፈር ቀለሙና ኩሉ ስለሚታይበት ነው። የፊት ድርሻ የሚነግረን ፊቱ ምን ያህል እንደታየ ነው፤ ለምን እንደታየ አይነግረንም። በተቃራኒው የአንድ እግር ኳስ ተጫዋች ሙሉ አካል ቢታይ ሥራው በእግሩ ስለሆነ የሚያዋርደው ነገር የለም።

ይህን ጉድለት የሚሞሉ ሌሎች መንገዶች አሉ። በባፋሎ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙት ኤሪን ሃተንና ሜሪ ኔል ትራውትነር ከ1967 እስከ 2009 የወጡትን የሮሊንግ ስቶን የሙዚቃ መጽሔት ሽፋኖች የመረመሩት በፊት መጠን አልነበረም፤ አለባበስን፣ አቋቋምን፣ የአፍን አከፋፈትና የመሳሰሉትን ነጥብ እየሰጡ ምስሉ ምን ያህል ለወሲባዊ ዓይን እንደተዘጋጀ ቆጠሩ። በ1960ዎቹ በዚህ መልክ የቀረቡት ከወንዶቹ 11 በመቶ፣ ከሴቶቹ 44 በመቶ ነበሩ። በ2000ዎቹ የወንዶቹ 17 በመቶ ሲደርስ የሴቶቹ ግን 83 በመቶ ሆነ። ዛሬ ወንዱም ሴቱም እኩል ይራቆታል ለሚለው የተለመደ ማስተባበያ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ልዩነቱ በጾታ ብቻም አይወሰንም። በ1994 የታተመ የዙከርማንና የኪፈር ጥናት በአሜሪካና በአውሮፓ መጽሔቶች የነጮች የፊት ድርሻ ከጥቁሮች እንደሚበልጥ አሳይቷል፤ በምዕራቡ ዓለም ለምትኖር ኢትዮጵያዊት ሁለቱ ልዩነቶች በአንድ ፎቶግራፍ ላይ ሊደራረቡ ይችላሉ ማለት ነው።

ራሱ ሊለካ ለሚፈልግ አንባቢ ጥቂት ጥንቃቄዎች ያስፈልጉታል። የዜና መጽሔትን ከፋሽን መጽሔት፣ ዘፋኝን ከሚኒስትር ጋር ማወዳደር የትም አያደርስም፤ ንጽጽሩ በአንድ መጽሔት ውስጥ፣ በተመሳሳይ ሙያ ላይ ባሉ ሰዎች መካከል ቢሆን ይሻላል። አንድ ሽፋን ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ የፔሊንም ሆነ የሃሪስ ምስል ነገሩን ለማሳየት ይጠቅማል እንጂ ማስረጃ የሚሆነው የብዙ ወራት ዕትም ተደርድሮ ሲለካ ነው። ጠረጴዛ ጀርባ የተቀመጠ ሰው ከጠረጴዛው በታች ስለማይታይ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ሆኖም ጠረጴዛው የሚሰጠው ለማን ነው የሚለውም የጥያቄው አካል ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በአዘጋጆች ላይ ለመጣል ለሚቸኩል ደግሞ የሣራ ኮንራትና የኖርበርት ሽዋርዝ የ2007 ጥናት እንቅፋት ይሆንበታል። የተለኩት ፖለቲከኞች ራሳቸውን በሚያስተዋውቁባቸው ድረ ገጾች ላይ ያወጧቸው ፎቶግራፎች ነበሩ፤ ሴቶቹ እዚህም ቢሆን ከወንዶቹ ያነሰ የፊት ድርሻ ነበራቸው፤ በጾታ እኩልነት ስሟ የሚጠራው ኖርዌይም ከዚህ አላመለጠችም። በ2012 ኮንራት ከሌሎች ጋር ጥናቱን ወደ ብዙ አገሮች ሲያሰፉት ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር መጣ፤ ልዩነቱ የሚሰፋው የጾታ እኩልነት በተሻለባቸው አገሮች ሆነ። የእኔ ግምት፣ እኩልነት በራቀበት አገር ወደ ምክር ቤት የሚገቡት ጥቂት ሴቶች በዚያው የመታወቂያ ዓይነት ጉርድ ፎቶግራፍ ከወንዶቹ ጋር አንድ ላይ ይደረደራሉ፤ ምስሉን የመምረጥ ነጻነት በሰፋበት አገር ግን እያንዳንዱ የሚመርጠው ከልጅነቱ ጀምሮ በየሽፋኑ ያየውን ዓይነት ምስል ነው።