«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ምን ማለት ነው?

ሰሜን ሸዋ ያደገ ሰው ይሄን አባባል ሳይሰማ አያድግም፣ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች»። ብዙ ጊዜ «ትቆጨኛለች» የምትለዋ ትቀርና ሰሚው በልቡ ይሞላታል። ተፈርዶብኝ በቅሎዬን ባጣ አንጀቴ ይችለዋል፣ ያለአግባብ የተነጠቅኳት አንዲት ጭብጦ ግን እንቅልፍ ትነሳኛለች ማለት ነው።

ጭብጦን ለማያውቅ፣ የገብስ በሶ በትንሽ ውሃና ጨው ይታሽና በእጅ ጭብጥ ይደረጋል፣ ስሙም ከዛው ከመጨበጥ ነው የመጣው። መንዝ በሉት አንኮበር በሉት ደጋው ላይ እረኛ ልጅ ጠዋት ከብት ይዞ ሲወጣ እናቱ በጨርቅ ቋጥራ የምትሰጠው ስንቅ ነው፣ ስትፈቱት የእናትየው ጣት አራት መስመር ሆኖ ላዩ ላይ ይታያል። ሁለት ጉርሻ ብትሆን ነው። በቅሎ ደግሞ በዛ ዘመን ሀብትም ክብርም ነበረች።

መነሻው የድሮ ሙግት ነው። ተሟጋቾች ዳኛ ፊት ቆመው «እንዲህ ባይሆን በቅሎ እሰጥ፣ ማር እሰጥ» እያሉ ይወራረዱ ነበር፣ ዛሬ «እሰጥ አገባ» የምንለውም ከዛ የቀረ ነው፣ የተረታ ይከፍላል። ስለዚህ በቅሎዋ በፍርድ የሄደችበት ሰውዬ ቢሸነፍም ቆሞ ተናግሯል፣ ተሰምቷል፣ ለምን እንደሄደችም ያውቃል። ጭብጦዋ ግን ማንም ምንም ሳይጠይቀው ነው የሄደችው። እኔ እንደሚገባኝ የአባባሉ ልብ እሱ ነው፣ የመጠን ጉዳይ አይደለም።

ትልልቅ ሰዎች ለመሬትና ለውርስ ነገር ይጠቅሱታል፣ እኔ ግን የገባኝ ልጅ ሆኜ ቡሄ ላይ ነው። ሆያ ሆዬ ስንል የላይ ሰፈር አምስት ነበርን፣ የታች ሰፈር ልጆች ሦስት ነበሩ፣ አንድ ላይ ዞረን ዘጠኝ ሙልሙል አገኘን። ከኛ ትልቁ ልጅ ለሰፈር ለሰፈር ብሎ ለሁለት ከፈለው፣ አራት ለነሱ አራት ለኛ፣ አንዱ ተረፈ። ሦስቱ አራት ይዘው እኛ አምስታችን አራት ላይ ቆምን። ገና ስድስት ዓመት ያልሞላው ትንሹ ልጃችን ባዶ እጁን ቀረና አለቀሰ፣ ያለቃቀሱ ነገር እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። የሚገርመው እርቦት አልነበረም እኮ፣ ጠዋት እናቱ ጋግራ በልቶ ነው የወጣው።

ይሄ ነገር ተጠንቷል። እነ ኤርንስት ፌር የሚባሉ ተመራማሪዎች ስዊዘርላንድ ውስጥ ከ3 እስከ 8 ዓመት ያሉ ልጆችን ለራሳቸውና ለሌላ ልጅ የሚደርሰውን ከረሜላ እያስመረጡ ያዩትን እ.ኤ.አ. በ2008 አውጥተው ነበር፣ የ3 እና የ4 ዓመቶቹ ለራሳቸው ምንም ሳይቀርባቸው እንኳን ለሌላው ልጅ ግድ የላቸውም ማለት ይቻላል፣ 7 እና 8 ሲደርሱ ግን አብዛኞቹ እኩል የሚያደርገውን ይመርጣሉ፣ ያም ሆኖ አብሯቸው ለሚማር ልጅ ከሌላ ትምህርት ቤት ልጅ የበለጠ ያደሉ ነበር። የላይ ሰፈር የታች ሰፈር ማለት እሱ አይደል? ልጅ እኩልነት የሚገባው ጊዜና «የኛ» «የነሱ» ማለቱ የሚበረታበት ጊዜ አብሮ ነው የሚመጣው፣ ለዛ ነው በዛ ዕድሜ ልጆች ሲያካፍሉ ዝም ብሎ ማየት ጥሩ የሚሆነው፣ ቶሎ ገብተን «በቃ ስጠው!» ባንል።

ለሁለት ወገን ማካፈል ለአዋቂም ከባድ ነው። መንዝ ጓሳ ላይ አባቶቻችን ቀሮ በሚባለው የጋራ ሳር መጠበቂያ ሥርዓት ሳሩን ከአስቦና ከጌራ ለሚወለዱት ሁለት ወገኖች ከፍለው፣ በየወገኑ አለቃ መርጠው፣ ለዓመታት ዘግተው ሲከፈት ሁሉም በአንዴ ገብቶ እንዲያጭድ ያደርጉ ነበር፣ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ። አንዱ ቀድሞ በሌሊት ቢያጭድ የሚያስቆጣው የሸክሙ ብዛት አልነበረም።

ወደ ሙልሙላችን ልመለስ። ከታች ሰፈር አንዱ ልጅ ራሱ «በሰው ይቆጠር» አለ፣ መለሱት፣ ለየሰው አንዳንድ ደረሰ፣ ትንሹም ዝም አለ። ዘጠነኛው ቀረ። አንዱ ቆርሰን እንብላው ሲል ሌላው «ለውሻ ይሰጥ!» አለ፣ ያኔ ጅልነት መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳነብ አሌክስ ሾውና ክርስቲና ኦልሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ከ6 እስከ 8 ዓመት ላሉ ልጆች አምስት ላጲስ ሰጥተው ክፍላቸውን ላፀዱ ሁለት ልጆች አካፍሉ ቢሏቸው አምስተኛው ቆሻሻ ውስጥ ይጣል ያሉት ብዙ ናቸው። አንደኛው የበለጠ ሠርቷል ሲባሉ ግን ለሱ ይሰጡታል። በሌላ ጥናታቸው ደግሞ ለሁለቱም እኩል ዕድል ያለው ዕጣ ሲኖር ትርፉን ከመጣል በዕጣ መስጠትን መረጡ። ምክንያት ወይ ዕጣ ካለ መበላለጡን ይችሉታል፣ በቅሎዋ በፍርድ ሄደች ማለት ነው።

እኛም ዕጣ ነው የጣልነው። ትልቁ ልጅ ስምንት ሰንበሌጥ ቆረጠ፣ አንዷን አሳጠራት፣ ጫፋቸውን አስተካክሎ በጡጫው ያዘና ሰባታችን ስንመዝ የመጨረሻዋ ለራሱ ቀረችለት። አጭሯ ለታች ሰፈር ልጅ ወጣች። ከላይ ሰፈር አንድም ሰው አፉን አልከፈተም፣ ትንሹ ልጃችን እንደውም ሙልሙሉን እየገመጠ ጅራፉን እየጎተተ እስከ ወንዙ ድረስ አብሮት ወረደ።