ፓራሜትሪክ ሞዴሊንግ ምንድን ነው? አንዲት የቡና ሲኒ ትበቃናለች

ካድ፣ ማለትም ዕቃን በኮምፒውተር መንደፍ፣ ልማር ብዬ የተነሳሁ ጊዜ የመጀመሪያ ሥራዬ የመኪና ካምቢዮ ነበር። ዩቲዩብ ላይ አንድ ልጅ በሃያ ደቂቃ ሲጨርሰው አይቼ «ይቺማ ምን አላት» አልኩ። በሦስተኛው ምሽት ስክሪኔ ላይ የቀረው የተጠላለፈ መስመርና በቀይ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነበር። ቶርኖ ቤት፣ ብረት እያሽከረከሩ በቢላ የሚቀርጹበት ቦታ፣ ለሚሠራ ወዳጄ ብሶቴን ስነግረው ሳቀ። «ሲኒ ሠርተሃል?» አለኝ። የቀለደብኝ መስሎኝ ነበር።

አልቀለደም። ዛሬ ካድ ልጀምር ለሚለኝ ሰው ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ግን መጀመሪያ አንድ ቃል መፍታት አለብኝ። ፓራሜትሪክ ሞዴሊንግ።

ፓራሜትሪክ ሞዴሊንግ ማለት ዕቃን በኮምፒውተር መሣል ሳይሆን፣ ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ ቅደም ተከተሉን መጻፍ ነው። ኮምፒውተሩ የሚይዘው የሲኒዋን መልክ ብቻ አይደለም። «ይህን ቅርጽ ያዝ፣ በዚህ ዘንግ ዙሪያ አዙረው፣ ከዚያ የአፉን ጠርዝ በ1 ሚሊ ሜትር አለስልስ» የሚለውን ትእዛዝ ከነቁጥሩ ይይዛል። ቁጥሮቹ ናቸው ፓራሜትር የሚባሉት። ከሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ አንዱን ብትቀይሩ፣ ፕሮግራሙ ትእዛዙን ከላይ እስከ ታች እንደ አዲስ ሠርቶ አዲሱን ዕቃ ያመጣላችኋል። የዶሮ ወጥ ፎቶ መያዝና አሠራሩን ማወቅ እንደማለት ነው። ፎቶ ላይ ሽንኩርት መጨመር አይቻልም።

ወደ ሲኒዋ እንሂድ። እኔ የሠራሁባት ቤት ያለችው ተራ ነጭ ሲኒ ናት፣ እጀታ የሌላት። በካሊፐር ለካኋት። አፏ ከውጭ ወደ ውጭ 64 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቷ 48፣ መቀመጫዋ 36፣ የግድግዳዋ ውፍረት 2። ካሊፐር የሌለው ሰው ማስመሪያ ይዞ ቢጀምርም ችግር የለውም።

ከየት ይጀመራል? እኔ ከክብ ጀመርኩ። ክብ ሣልኩና ወደ ላይ ጎተትኩት። ይህ ኤክስትሩድ ይባላል። የወጣው ነገር የቲማቲም ድልህ ጣሳ ነበር። ሲኒ ወደ ላይ ስትሄድ ትሰፋለች፣ ሆዷም ጎበጥ ይላል። ወዳጄ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ «ቶርኖ ላይ አስረህ ብትሠራት ቢላው በየት በየት ይሄድ ነበር?»

መልሱ በግማሽ ሲኒ ላይ ነው ያለው። ሲኒዋን ከአፏ እስከ መቀመጫዋ ለሁለት ሰንጥቃችሁ ከጎን አየኋት በሉ። ከሁለቱ ወገን የአንዱን ዙሪያ ብቻ ሣሉ። ከመቀመጫዋ መሃል ተነስቶ ወደ ውጭ፣ በሆዷ በኩል ወደ ላይ፣ አፏ ላይ ታጥፎ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ታች። ይህ ጠፍጣፋ ሥዕል ስኬች ነው። ስኬቹን በመሃል መስመሩ ዙሪያ 360 ዲግሪ ስታዞሩት፣ ሪቮልቭ ነው የሚሉት፣ ሲኒ ይሆናል። ቶርኖ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አንድ ደቂቃም አይፈጅበትም። እኔ አንድ ማታ ፈጀብኝ።

እዚህ ጋ የሠራኋት ስህተት አለች። ሥዕሉ ግማሽ ስለሆነ ከመሃል እስከ አፍ ያለው ርቀት 32 እንጂ 64 አይደለም። እኔ 64 ጽፌ አዞርኩት። ሲኒዬ የገንፎ ሳህን አከለች። ገና ሳያት ሳቄ መጣ፣ ስህተቱንም ወዲያው አገኘሁት። ካምቢዮ ውስጥ ያለ አንድ ቀለበት በእጥፍ ቢተልቅብኝ ግን አላውቀውም ነበር። ካምቢዮ ፈትቼ በእጄ ይዤ አላውቅማ። ሲኒን እጄ ያውቃታል። የዕለት ዕቃ ለጀማሪ የሚሻለው ቀላል ስለሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ሲበላሽ ዓይን ስለሚይዘው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። የሣላችሁት ስኬች ልቅ ነው። በማውስ አንዱን ጫፍ ስትጎትቱት አብሯችሁ ይሄዳል። እንዳይሄድ ትገድቡታላችሁ፣ ገደቡም ኮንስትሬይንት ይባላል። አንዳንዱ ገደብ ቁጥር ነው፤ «ይህ ርዝመት 48 ይሁን» እንደማለት። አንዳንዱ ደግሞ ዝምድና ነው። «ይህ መስመር አግድም ይሁን»፣ «እነዚህ ሁለቱ እኩል ይሁኑ»፣ «ይህ ነጥብ ከዘንጉ ላይ አይነሳ» ትሉታላችሁ። ለምሳሌ አራት ማዕዘን ሣሉ። ጎኖቹ አግድምና ቀጥ ያሉ እንዲሆኑ ከነገራችሁት በኋላ የሚቀረው አራት ነገር ነው። ወርዱ፣ ቁመቱ፣ ወደ ጎን የት እንደተቀመጠ፣ ወደ ላይ የት እንደተቀመጠ። አራቱንም ስትነግሩት ፍሪካድ በተባለው የካድ ፕሮግራም ላይ መስመሩ አረንጓዴ ይሆናል። ሶሊድወርክስና ኦንሼፕ በተባሉት ፕሮግራሞች ላይ ከሰማያዊ ወደ ጥቁር ይዞራል። ያ ቀለም ሲመጣ የሚሰማኝ ደስታ ትንሽ ያሳፍራል።

የመጀመሪያዋ ሲኒዬ ይህ ሁሉ አልነበራትም። መልኳ ግን ምንም አይወጣላትም ነበር። እህቴ አይታ «ትንሽ ረዘም ብትል» አለች። 48ቱን ወደ 60 ቀየርኩ። የውጭው ግድግዳ ወደ ላይ ሄደ፣ የውስጠኛው እዚያው ቀረ። አፏ ወደ ውስጥ ተዳፋት ሆኖ ሲኒዋ በላይ በኩል ጎራዳ መሰለች። ጥፋቱ የፕሮግራሙ አይደለም። የውስጡ መስመር ከውጩ ጋር ምን እንደሚያገናኘው መቼ ነገርኩት?

በሁለተኛው ሙከራ ነገርኩት። የውስጡ መስመር ከውጩ ሁሌም በ2 ሚሊ ሜትር ይራቅ፣ የአፏ ጫፍ ሁለቱን በአግድም ያገናኝ አልኩት። አሁን 60 ብዬ ስጽፍ ሁለቱም ግድግዳ አብሮ ወጣ። ውፍረቱ ንቅንቅ አላለም። ባለሙያዎች ይህን የዲዛይን ሐሳብ ይሉታል። ዕቃው ሲያድግ ምን አብሮ ያድጋል፣ ምን ባለበት ይቆያል? ይህን ፕሮግራሙ አይወስንላችሁም። በእኔ አስተያየት ካድ መማር ማለት አብዛኛው ይህንን መማር ነው። ቁልፎቹ የት የት እንዳሉ ማወቅ በአንድ ሳምንት ያልቃል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አይቫን ሰዘርላንድ የተባለ፣ ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ለዶክትሬቱ ስኬችፓድ የተባለ ፕሮግራም ሠራ። ቲኤክስ-2 በተባለ ግዙፍ ኮምፒውተር ስክሪን ላይ በብርሃን ብዕር መስመር ይሣላል። መስመሩ ቢንጋደድ ግድ የለም። «እነዚህን ትይዩ አድርግ» ሲባል ማሽኑ ራሱ ያቃናል። ኮንስትሬይንት እንግዲህ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አለ። ብዙዎቻችን ካድ ሲባል ትዝ የሚለን አውቶካድ በ1982 ሲወጣ ግን በዋናነት የወረቀቱን ንድፍ ወደ ስክሪን ያመጣ ፕሮግራም ነበር። መስመሩ መስመር ነበር፣ ከጎረቤቱ ጋር ዝምድና አልነበረውም። ፓራሜትሪክ አሠራር ገበያው ላይ የተስፋፋው በ1980ዎቹ መጨረሻ ፕሮ ኢንጂነር በተባለ ፕሮግራም አማካይነት ነው።

ከዕለት ዕቃ ጋር የተያያዘ ሌላ ታሪክ አለ፣ እሱን ሳልነግራችሁ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካ ውስጥ በዩታ ዩኒቨርሲቲ ማርቲን ኔዌል የተባለ ተመራማሪ ለኮምፒውተር ሥዕል መሞከሪያ የሚሆን ቅርጽ ይፈልግ ነበር። ባለቤቱ የሻይ ማንቆርቆሪያችንን ለምን አትሞክርም አለችው። ካሬ ባለው ወረቀት ላይ ሣላት፣ ነጥቦቿን እየለቀመ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባ። ያቺ ማንቆርቆሪያ በኮምፒውተር ግራፊክስ ዓለም ከሁሉ የታወቀች ዕቃ ሆነች። እውነተኛዋ ዛሬ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም ተቀምጣለች። የሚገርመው፣ የኔዌል ሞዴል መጀመሪያ ላይ ቂጥ አልነበረውም። ለምን ይኖረዋል? የተሠራው ብርሃንና ጥላ እንዲታይበት ነው። ሻይ የሚቀዳበት ሰው የለም።

የካድ ሲኒ ግን ቂጥ ያስፈልጋታል። መልክ ብቻ ሳትሆን ውፍረትና ይዘት ያላት ጠጣር አካል ናትና። ይህን ለማረጋገጥ አንድ ነገር ሞከርኩ። ሲኒዋ ምን ያህል ቡና ትይዛለች? ፕሮግራሙን ይዘቷን ብትጠይቁት የሚነግራችሁ የሸክላውን ነው፣ የባዶውን ቦታ አይደለም። ስለዚህ ቡናውን ራሱን ሠራሁት። የውስጡን መስመር ብቻ ወስጄ እስከ አፏ ድረስ ዘግቼ አዞርኩት። 84 ሚሊ ሊትር አለኝ። ከዚያ 20 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ስሪንጅ ይዤ እውነተኛዋን ሲኒ በውሃ ሞላሁ። አራት ስሪንጅ ሙሉና 2 ሚሊ ሊትር ገባ፣ 82 መሆኑ ነው። የሆዷን ጉብታ በዓይን ግምት ነበር የሣልኩት፣ ሁለቷ እዚያ ነው የጠፋችው።

ከሲኒ ቀጥሎ ቆርኪ ውሰዱ። የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ጥርሶች ቁጠሩ፣ 21 ናቸው። ሃያ አንዱንም ልሣል የሚል ሰው ይደክማል። አንድ ጥርስ ሠርታችሁ «ዙሪያውን 21 ጊዜ ድገም» ትሉታላችሁ። በመካከላቸው ያለውን ወደ 17.14 ዲግሪ የሚጠጋ ማዕዘን እሱ ያስላው። አንዷን ጥርስ ስታስተካክሉ ሃያዎቹም ይከተላሉ።

ጀበና ግን ቆይ። ሰው ሁሉ «የኛ ነገር» ብሎ በእሷ መጀመር ይወዳል። ሆዷ እንደ ሲኒ ይዞራል፣ እሺ። ጡቷና እጀታዋ ግን ከክቡ ሆድ ጋር የሚገናኙበት ቦታ ልምድ ይጠይቃል። በእጅ ስለተሠራች ደግሞ ግራዋና ቀኟ አንድ አይደለም። ከሁለት ወር በኋላ ተመለሱባት።

ፕሮግራምን በተመለከተ ብዙ አልልም። ፍሪካድ ነፃ ነው፣ ኢንተርኔት ሳይኖርም ይሠራል። ስለዚህ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ኦንሼፕ በብራውዘር ይሠራል፣ ምቹም ነው፣ ግን በነፃው አካውንት የሠራችሁት ሁሉ ለሰው ክፍት ነው። ለልጆች ቲንከርካድ ጥሩ ነው። በዴስክቶፕ የምትሠሩ ከሆነ መብራት ሳይሄድ ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርጉ፣ ይህን መቼም ለእናንተ አልነግርም።

በመጨረሻ ለሲኒዋ ማስቀመጫ ሠራሁላት። መሃሉ ላይ የሲኒዋ መቀመጫ የሚገባበት ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ። መቀመጫዋ 36 ስለሆነ ጉድጓዱንም 36 አደረግሁት። ስሪዲ ፕሪንተር ያለው ሰው አተመልኝ። ሲኒዋን ሳስቀምጣት አልገባችም። 36 የሆነ ነገር 36 የሆነ ቀዳዳ ውስጥ እንደማይገባ ቶርኖ ቤት ያለው ወዳጄ ያውቀዋል፤ እኔ ገና መማሬ ነበር። ተመልሼ የጉድጓዱ ቁጥር ያለበት ቦታ ላይ «የሲኒዋ መቀመጫ ሲደመር 0.6» ብዬ ጻፍኩ። አሁን የሲኒዋ መቀመጫ ሲቀየር ጉድጓዱ ራሱ ይከተላል። ሁለተኛው ማስቀመጫ ገጠመ። የመጀመሪያውም አልተጣለም፣ እናቴ ዕጣን ታስቀምጥበታለች።