በሐረርና በድሬዳዋ ታሪክ የገለበጣቸው ቃላት

ምፀታዊ የታሪክ ጥቅስ የሚባለው ተናጋሪው ከልቡ የተናገረው፣ በኋላ የመጣው ዘመን ግን ትርጉሙን የገለበጠው ቃል ነው። ሐረርና ድሬዳዋ ከእንዲህ ያሉ ቃላት ጋር የተሳሰረ ታሪክ አላቸው።

ቀደም ያለው የአንድ ሰው ንግግር ሳይሆን የከተማው ትንቢት ነው። የሐረር ገዥ የነበሩት አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩትን፣ አሮጌውን ከተማ የከበበውን የጁገልን ግንብ ክርስቲያን ከዘለቀው ሐረር ትወድቃለች ይባል ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ገብቶ 10 ቀን ቆየና በሰላም ወጣ፤ ይህን እምነትም ጽፎ አቆየው። ከተማዋ ነፃነቷን ያጣችው ከ20 ዓመት በኋላ ነው፤ የያዛትም በራኡፍ ፓሻ የተመራው የሙስሊሟ ግብጽ ጦር ነበር።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የፈረንሳዊው ባለቅኔ የአርተር ራምቦ ነው። ገና ወጣት ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1873፣ ወደ ሩቅ አገር ሄዶ ቆዳው ጠቁሮ፣ እጅና እግሩ እንደ ብረት ጠንክሮ፣ ወርቅ ይዞ እንደሚመለስ ጻፈ። ሴቶች ከሞቃት አገር የሚመለሱትን ስንኩላን እንደሚያስታምሙም እዚያው ላይ አክሏል። ወርቁን በእርግጥ አገኘ፤ ስምንት ኪሎ ያህሉን በወገቡ ታጥቆ ሲዞር ክብደቱ እንዳሳመመው ለቤተሰቡ በደብዳቤ አማርሯል። እ.ኤ.አ. በ1888 ደግሞ ከሐረር «እንደ እኔ የሰለቸው ሰው አይቼ አላውቅም» ሲል ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1891 ጉልበቱ ታሞ፣ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመውት ከሐረር ወደ ባሕር ወደቧ ዘይላ ወረደ። ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፤ እህቱ እያስታመመችው በ37 ዓመቱ ሞተ። ዛሬ ያን ያህል በሰለቸው ከተማ፣ በጁገል ውስጥ፣ በስሙ የሚጠራ ሙዚየም አለ።

ሦስተኛው የሐረርጌው ተወላጅ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ተነስተው በድሬዳዋ በኩል ጅቡቲ ወረዱ። ግንቦት 1 ቀን ሙሶሊኒ ሮም ላይ ኢምፓየሩ ከ15 ክፍለ ዘመን በኋላ ዳግም መነሳቱን ሲያውጅ፣ ከሰሜንና ከደቡብ የመጡት የጣሊያን ጦሮች ድሬዳዋ ላይ ተገናኙ። ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ጉባኤ ፊት በአማርኛ ሊናገሩ ሲቆሙ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት አወኳቸው። የሮማኒያው ተወካይ ቲቱሌስኩ «አረመኔዎቹን አስወጡ!» ብሎ ጮኸ። ጣሊያን ሥልጣኔ አመጣለሁ ብላ ለዘመተችበት ሕዝብ የሰጠችው ስም በራሷ ልጆች ላይ ዋለ።

በብዛት የሚጠቀሰው «ዛሬ በእኛ፣ ነገ በእናንተ» የሚለው ከመድረክ ሲወርዱ ተናገሩት የተባለ ነው። በንግግሩ ውስጥ ያለው ጥያቄ ግን ከዚያ ይበልጥ ልብ ይነካል፤ ለሕዝቤ ምን መልስ ይዤ ልመለስ? የመንግሥታቱ ማኅበር በአራተኛው ቀን በጣሊያን ላይ የጣለውን ማዕቀብ ለማንሳት ወሰነ። መልሱ በሌላ መንገድ መጣ። መጋቢት 17 ቀን 1933 ዓ.ም. በእንግሊዝ አዛዦች ሥር የተሰለፉ የናይጄሪያ ወታደሮች ሐረርን ከጣሊያን አስለቀቁ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ድሬዳዋም ነፃ ወጣች።