የኦፍሾር ስኪፐር ሥራ ምንድን ነው?

ስኪፐር የሸራ ጀልባ አዛዥ ነው። ኦፍሾር ሲባል ደግሞ ውድድሩ ከወደብ ርቆ፣ መሬት ከማይታይበት ውቅያኖስ ላይ ይካሄዳል ማለት ነው። ለቀናት፣ አንዳንዴም ለወራት። ይህን ሥራ እንጀራቸው ካደረጉት ሰዎች ብዙዎቹ ፈረንሳውያን ናቸው።

ሰው ወደ ላይ የሚወጣው በደረጃ ነው። ብዙ ጊዜ በሚኒ ትራንሳት ይጀመራል፤ 6.5 ሜትር ርዝመት ባላት ጀልባ ብቻን አትላንቲክን ማቋረጥ። ስልክም ኢንተርኔትም የለም። ቀጥሎ ፊጋሮ የሚባል ውድድር አለ። እዚያ ሁሉም አንድ ዓይነት ጀልባ ስለሚይዝ ሽንፈትን በጀልባ ማሳበብ አይቻልም። ጫፉ ቫንዴ ግሎብ ነው። በየአራት ዓመቱ ከፈረንሳይዋ ሌ ሳብል ዶሎን ከተማ ይነሱና ብቻቸውን፣ ሳይቆሙ፣ የማንንም እርዳታ ሳይቀበሉ ዓለምን ዞረው እዚያው ይመለሳሉ። ወደ 45 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው።

ፈረንሳዊውን ስኪፐር አርሜል ለክሌያክን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2003 ፊጋሮን ሲያሸንፍ ሁለተኛውን የቀደመው በ13 ሰከንድ ነበር። ያን ሁሉ ባሕር ካቋረጡ በኋላ 13 ሰከንድ! በ2008ቱ ቫንዴ ግሎብ ሁለተኛ ወጣ። በ2012ቱም ሁለተኛ፣ ያውም በሦስት ሰዓት ግድም ተበልጦ። በሦስተኛው፣ ጥር 2017 ላይ፣ በ74 ቀን ገብቶ አሸነፈ። ዕድሜው 39 ነበር። በሌላ ስፖርት «ጊዜው አልፎበታል» የሚባልበት ዕድሜ ነው። እዚህ ግን ገና ነው።

ምክንያቱም ጉልበት ብቻውን አያሸንፍም። በ2008 ከተነሱት 30 ጀልባዎች ጨርሰው የገቡት 11 ብቻ ናቸው። ምሰሶ ይሰበራል፣ መሪ ይነቀላል። መቼ ሸራ እንደሚቀነስ፣ መቼ ጀልባዋን በሙሉ ፍጥነት መንዳት እንደሚቻል የሚያውቅ ሰው ይቀድማል። ጀልባዋን አብዛኛውን ጊዜ የሚመራት አውቶፓይለት፣ ማለትም በራሱ የሚሠራ መሪ መሣሪያ ነው። ስኪፐሩ የአየር ትንበያ ያነባል፣ ሸራ ይቀይራል፣ የተበላሸ ይጠግናል። የሚተኛው በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ቢሆን ነው። ሐኪምም ራሱ ነው። በርትራን ደ ብሮክ በ1992ቱ ውድድር የተቆረጠ ምላሱን በሐኪም መመሪያ ራሱ ሰፍቶታል። እኔ ይህን ሳነብ አፌን ያዝኩ።

ሌላም ግዴታ አለ። ኅዳር 2020 ላይ የኬቨን ኤስኮፊዬ ጀልባ ከኬፕታውን ደቡብ ምዕራብ ለሁለት ተሰበረች። አራት ተወዳዳሪዎች ውድድሩን ለጊዜው ትተው ፍለጋ ገቡ። የ61 ዓመቱ ዣን ለካም ከ11 ሰዓት ግድም በኋላ ከነፍስ አድን ጀልባው ላይ አነሳው። ከፈላጊዎቹ አንዱ ያኒክ ቤስታቨን ነበር። ለጠፋበት ጊዜ 10 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ተመለሰለት። ወደቡ የገባው ሦስተኛ ሆኖ ነው፤ ያ ጊዜ ሲቀነስለት ግን አሸናፊ ሆነ።

የቤስታቨን ጀልባ ስሟ «ሜትር ኮክ» ነበር። ዶሮ የሚሸጥ ኩባንያ ነው። አትሳቁ፤ ሥራው የቆመው በዚህ ላይ ነው። የእኛ ሯጭ ጫማ ካገኘ ልምምድ ይጀምራል፤ ስኪፐር ግን መጀመሪያ ሚሊዮኖች ዩሮ የምታወጣ ጀልባ ይፈልጋል። የቫንዴ ግሎብ የመጀመሪያ ሽልማት 200 ሺህ ዩሮ ነው፤ ለጀልባዋ እንኳ አይበቃም። ስለዚህ የጀልባዋን፣ የመካኒኮቹንና የስኪፐሩን ወጪ የሚሸፍነው ስፖንሰር ነው። በምላሹ ስሙ ሸራው ላይ በትልቁ ይጻፋል። ስኪፐሩ የኩባንያውን እንግዶች ያንሸራሽራል፣ ስብሰባ ላይ ይናገራል፣ ማዕበል መሃልም ሆኖ ቪዲዮ ይልካል። የዓመቱ ትልቁ ክፍል የሚያልፈው ባሕር ላይ ሳይሆን ጀልባ መጠገኛና ቢሮ ውስጥ ነው።

ስፖንሰር ሲሄድ ምን እንደሚመጣ ክላሪስ ክሬሜር ታውቃለች። በዚያው ቫንዴ ግሎብ፣ በ2021 በ87 ቀን ገብታ ከሴቶች አንደኛ ሆናለች። ከዚያ ልጅ ወለደች። ለቀጣዩ ውድድር ማለፊያ የሚሆኑ ማይሎችን ለመሰብሰብ ከሌሎቹ ዘገየች። ስፖንሰሯ በ2023 «ማለፊያውን ላትሞዪ ትችያለሽ» ብሎ ተለያት። ጉዳዩ ፈረንሳይ ውስጥ ትልቅ ቁጣ ቀሰቀሰ። እሷ ሌላ ስፖንሰርና ሌላ ጀልባ አገኘች፣ ማይሎቹን ሞላች፣ በኅዳር 2024 ተነሳች። 11ኛ ሆና ገባች።