የአሜሪካ መንግሥት ለዕድሜ ልክ አገልግሎት የሚሰጣቸው የክብር ሽልማቶች

በአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ዘመናቸውን ሙሉ ያገለገሉ ሳይንቲስቶችና ሠራተኞች ከሚያገኟቸው ሽልማቶች ታላቁ፣ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር እ.ኤ.አ. በ1957 ያቋቋሙት የላቀ ሲቪል አገልግሎት የፕሬዚዳንት ሽልማት ነው። በ1978 የወጣው የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ሕግም ለከፍተኛ ኃላፊዎች የገንዘብ ሽልማት የሚያስገኝ ማዕረግ ጨምሯል። ከመንግሥት ውጭ ደግሞ ከ2002 ጀምሮ በየዓመቱ የሚሰጠው ለአሜሪካ የተሰጠ አገልግሎት ሜዳሊያ አለ።

የመንግሥት ሳይንቲስትን ውለታ መመዘን ከባድ ነው፤ የድካሙ ፍሬ ብዙ ጊዜ ሳይደርስ የቀረ አደጋ ነውና። ዶክተር ፍራንሲስ ኬልሲ በ1960 በምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሥራ በጀመሩ በሁለተኛው ወር፣ ታሊዶማይድ የተባለውን ማስታገሻ ለገበያ ለማቅረብ የተጻፈ ማመልከቻ ጠረጴዛቸው ላይ ደረሰ። በጊዜው መሥሪያ ቤቱ በ60 ቀናት ውስጥ ካልተቃወመ መድኃኒቱ ያለ ተጨማሪ ፈቃድ መሸጥ ይችል ስለነበር፣ ኬልሲ ቀነ ገደቡ በተቃረበ ቁጥር ማስረጃው እንደማይበቃ እየጻፉ ማመልከቻውን ይመልሱት ነበር። አምራቹ ደጋግሞ ቢወተውትም፣ ለአለቆቻቸው አቤት ቢልም አቋማቸውን አልለወጡም። መድኃኒቱን በነፍሰ ጡርነታቸው ከወሰዱ እናቶች በዓለም ዙሪያ ከ10,000 በላይ ሕፃናት አካላቸው ተጎድቶ ሲወለዱ፣ በአሜሪካ ግን ለሙከራ ከታደለው በቀር ያኔ ለሽያጭ አልቀረበም። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1962 የላቀ ሲቪል አገልግሎት ሽልማቱን ሰጧቸው፤ በዚያው ዓመትም የመድኃኒት ሕጉ ይበልጥ ጥብቅ ሆነ። ኬልሲ ሥራቸውን የለቀቁት በ2005፣ በ90 ዓመታቸው ነው። በ2010 መሥሪያ ቤቱ በስማቸው ሽልማት ሲያቋቁም የመጀመሪያዋ ተሸላሚ እሳቸው ሆኑ።

እንዲህ ፈጥኖ የሚመጣ ክብር ግን ብርቅ ነው፤ በተለይ ሥራቸው በወታደራዊ ምስጢር ለተሸፈነና በዘር መድልዎ ዘመን ለተቀጠሩ ጥቁር ሴቶች ዘግይቶ መድረሱ ሊያስቆጭ ይገባል። የሒሳብ ሊቋ ግላዲስ ዌስት በቨርጂኒያ፣ በዳልግረን የባሕር ኃይል ማዕከል ከ1956 እስከ 1998 ድረስ ለ42 ዓመታት ሠርተዋል። ከሳተላይት መረጃ ተነሥተው የምድርን ትክክለኛ ቅርጽ ያሰሉበት ሥራ ዛሬ በየስልኩ ለሚገኘው የጂፒኤስ አቅጣጫ ጠቋሚ መሠረት ከጣሉት አንዱ ቢሆንም፣ የአየር ኃይሉ የሕዋ ቀዳሚዎች መዝገብ ስማቸውን ያሰፈረው በ2018 ነው። የጠፈር በረራ መስመሮችን ያሰሉት የናሳዋ ካትሪን ጆንሰንም የፕሬዚዳንቱን የነፃነት ሜዳሊያ የተቀበሉት በ2015፣ ጡረታ ከወጡ ከ29 ዓመታት በኋላ፣ በ97 ዓመታቸው ነበር።