ቪያ ምንድን ነው? አቸቶ የማህፀን በር ላይ ምን ትሠራለች?

በጾም ሰላጣ ላይ ጠብ የምትደረገው አቸቶ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሌላ ሥራ አላት። ነርሷ ጥጥ ነክራ የማህፀን በር ላይ ትቀባታለች፣ አንድ ደቂቃ ትጠብቃለች፣ ከዚያ በባትሪ መብራት ታያለች። አለቀ። ምርመራው ይኼው ነው። ባለሙያዎቹ «ቪያ» ይሉታል። የማህፀን በር ካንሰር ከመሆኑ በፊት ሊሆን እያኮበኮበ ያለውን ነገር የሚፈልግ ምርመራ ነው።

(በነገራችን ላይ የጤና ጣቢያዋ በልክ የተበጠበጠች፣ ከ3 እስከ 5 በመቶ አሴቲክ አሲድ ናት። ቤት ውስጥ ልሞክር የምትሉ እንዳትኖሩ። ቁም ነገሩ አቸቶው ላይ አይደለም፣ የሠለጠነው ዓይን ላይ ነው።)

እንግዲህ ከሥሩ እንጀምር። የማህፀን በር የምንለው የማህፀን የታችኛው ጫፍ ነው፣ ወደ ብልት የሚከፈተው። እዚያ ላይ የሚወጣው ካንሰር አንድ ማለዳ ድንገት አይበቅልም። መነሻው ኤች ፒ ቪ የሚባል በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ከ200 በላይ ዓይነት አለው፣ ለካንሰር የሚያሰጉት ግን 14 ገደማ ናቸው። ከእነሱም 16 እና 18 የሚል ቁጥር የተሰጣቸው ሁለቱ ብቻቸውን ከማህፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ያህሉን ያመጣሉ። እነዚህን ሁለቱን እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1984 ከካንሰሩ ውስጥ ለይቶ ያወጣው ጀርመናዊው ሃራልድ ዙር ሀውሰን ነው፤ ያኔ ብዙ ሳይንቲስት ጥፋቱን በሌላ ቫይረስ ላይ ያሳብብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ለዚህ ሥራው ኖቤል ተሸለመ።

ቫይረሱን ግብረ ሥጋ ግንኙነት የጀመረ ሰው አብዛኛው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ያገኘዋል። ከአሥሩ ዘጠኙ በሁለት ዓመት ውስጥ ሰውነት ራሱ ጠራርጎ ያስወጣዋል፣ ሴትየዋ መያዟንም ሳታውቅ። ችግሩ አልለቅም ብሎ የሚቀረው ነው። እሱ የማህፀን በርን ሴሎች ቀስ እያለ ይቀይራቸዋል። ከዚያ እስከ ካንሰር ጤነኛ የመከላከል አቅም ላላት ሴት ከ15 እስከ 20 ዓመት ሊወስድ ይችላል። ኤች አይ ቪ በደሟ ላለና ሕክምና ላልጀመረች ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊበቃ ይችላል። ለዚህ ነው ሌላው ከ30 እስከ 49 ዓመት ሲመረመር እሷ ከ25 ጀምሪ የምትባለው።

ልብ በሉ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ምንም አያምም። ደም የለ፣ ቁርጠት የለ፣ ትኩሳት የለ። እኛ ጎጃም ደግሞ «ሳያመኝ ሐኪም ቤት ምን ልሠራ» የምንል ሰዎች ነን። አዝመራ አለ፣ ቅዳሜ ገበያ አለ፣ ሰንበቴ አለ፣ ልጅ አለ። ሴቷ የምትሄደው ደም ሲፈሳት፣ ወይም ከባሏ ጋር ከተገናኘች በኋላ ደም ስታይ፣ ወይም የወር አበባዋ ከቆመ ዓመታት አልፎ እንደገና ሲመጣባት፣ ወይም ፈሳሹ ሸትቶ ሰው አጠገብ መቀመጥ ሲያሳፍራት ነው። ብዙዎቹ መጀመሪያ ጸበል ይሄዳሉ፣ ይሂዱ፣ እሱን የሚከለክል የለም፣ ግን ምልክት ለታየባት ሴት ቪያ አልፏታል፤ እሷ የሚያስፈልጋት ሐኪም አይቶ ናሙና የሚወስድበት ምርመራ ነው። ቪያ የተሠራው ምንም ላልተሰማት፣ እንስራ ተሸክማ ሽቅብ ለምትወጣው ጤነኛ ሴት ነው። ይኼን ያልያዘ ስለ ቪያ ምንም አልያዘም።

ክፍሉ ውስጥ ምን ይሆናል? ብዙ ሴት የሚያስፈራት እሱ ስለሆነ በዝርዝር ልንገራችሁ። ከወገብ በታች ልብስ ይወልቃል፣ ነጠላ ወይም አንሶላ ይደረባል። አልጋው ላይ እንደ ወሊድ ጊዜ እግር ከፍቶ መተኛት አለ። ነርሷ ስፔኩለም የሚሉትን መክፈቻ ቀስ ብላ ታስገባለች፤ የሚቀዘቅዘው እሱ ነው፣ ደህና ነርስ በሞቀ ውኃ ታለዝበዋለች። መጀመሪያ በደረቅ ጥጥ ፈሳሹን ትጠርጋለች። ከዚያ አቸቶ የጠጣውን ጥጥ የማህፀን በር ላይ ለጠፍ።

«ሲስተር፣ ያማል እንዴ?»

«አያምም እትዬ፣ ትንሽ ቢለበልብዎት ነው። ዘና ይበሉ።»

ሰዓቷን ታያለች። አንድ ሙሉ ደቂቃ። አንድ ደቂቃ እዚያ አልጋ ላይ ረጅም ነው፤ ቢሆንም ነርሷ ከቸኮለች ምርመራው ዋጋ የለውም። ከዚያ መብራቱን ታስጠጋለች። ጤነኛው የማህፀን በር ሮዝ እንደሆነ ይቀራል። የተቀየረ ሴል ካለ ግን በመሀለኛው ቀዳዳ ዙሪያ፣ ሁለት ዓይነት ሽፋን በሚገናኙበት መስመር ላይ፣ ጠርዙ ቁልጭ ያለ ወፈር ያለ ነጭ ነገር ይወጣል። ያ «ቪያ ፖዘቲቭ» ነው።

ለምን ይነጣል? ሊቀየሩ የጀመሩ ሴሎች አስኳላቸው ትልቅ ነው፣ ፕሮቲናቸው ብዙ ነው። አሲዱ ፕሮቲንን ለጊዜው ያረጋዋል፤ የእንቁላል ውኃ ምጣድ ሲነካው እንደሚነጣው ማለት ነው፣ ልዩነቱ ይኼኛው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተመልሶ መጥፋቱ ነው። ጤነኛው ሴል ፕሮቲኑ ትንሽ ስለሆነ ብርሃኑ አልፎት ከሥር ያለውን የደም ቀለም ያሳያል።

አሁን ጥርጣሬው ይመጣል። በአቸቶና በዓይን ብቻ ሕይወት ይተርፋል? ሕንድ ውስጥ፣ ሙምባይ፣ 150 ሺህ ያህል ድሃ ሴቶች ላይ ረጅም ጥናት ተደርጎ ነበር። መርማሪዎቹ ሐኪሞች አልነበሩም፤ አሥረኛ ክፍል ያህል የተማሩ፣ ለጥቂት ሳምንት የሠለጠኑ የሠፈር ሴቶች ነበሩ። በየሁለት ዓመቱ እያዩ፣ በ12 ዓመት ሲሰላ በማህፀን በር ካንሰር የሚሞቱት በ31 በመቶ ቀነሱ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያላት አገር ይኼን ስትሰማ ጆሮዋን ብታቆም አይገርምም። ጥናቱ ግን ወቀሳም አላመለጠም፤ ለማነጻጸሪያ የተያዙት ግማሾቹ ሴቶች ትምህርት ብቻ ተሰጥቷቸው አልተመረመሩም ነበርና፣ የሚሠራ ምርመራ እያለ ሴቶችን እንዲያው መከታተል ተገቢ ነው ወይ የሚል ክርክር አስነሣ። እኔም ክርክሩ ውኃ የሚያነሣ ይመስለኛል።

ደግሞ ሌላ የሕንድ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው፣ ቪያን ከሌላ ምርመራ ጋር ቢያፎካክረው ቪያ ተሸነፈ። እዚያ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ የተደረገ የኤች ፒ ቪ ምርመራ ሞትን ወደ ግማሽ ሲያወርድ፣ ቪያ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቪያ ዓይን ነው፣ ዓይን ደግሞ ይደክማል፣ ይጠራጠራል። ተራ ቁስለትና ኢንፌክሽንም ሊነጣ ይችላል፣ ስለዚህ ጤነኛዋ ፖዘቲቭ ትባላለች። አንዱ ነርስ ያየውን ሌላው ላያየው ይችላል። ዕድሜዋ 50 ያለፈ ሴት ላይ ደግሞ ያ የሁለት ሽፋን መገናኛ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ብዙ ጊዜ ከውጭ ሆኖ ማየት አይቻልም።

ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ በቅድሚያ ራሱን ቫይረሱን የሚፈልገውን የኤች ፒ ቪ ምርመራ ተጠቀሙ ብሏል። ለእኔ የእሱ ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው፤ ሴቷ ናሙናውን መጋረጃ ጀርባ ሆና በራሷ እጅ መውሰድ ትችላለች። እግር መክፈት የለ፣ መታየት የለ። ለኀፍረተኛዋ ያገሬ ሴት ይኼ ግማሽ መንገድ ነው። ችግሩ ማሽንና መመርመሪያ ኪት መፈለጉ ነው፤ ውጤቱም ብዙ ጊዜ ወዲያው አይደርስም፣ ከወረዳ የመጣች ሴት ደግሞ «ሌላ ቀን ነይ» ከተባለች የመመለሷ ነገር አጠራጣሪ ነው። ቪያ ግን ውጤቱ እዚያው አልጋ ላይ ነው።

«ፖዘቲቭ ነሽ» ስትባል ምን ማለት ነው? ካንሰር አለብሽ ማለት አይደለም። ደግሜ ልበለው፣ አይደለም። ሊታከም የሚገባው ነጭ ነገር ታየ ማለት ነው። ሕክምናውም ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ያልቃል። አንደኛው ክራዮ የሚሉት ነው፤ በጋዝ የቀዘቀዘ ብረት ለሦስት ደቂቃ ያስነኩታል፣ አምስት ደቂቃ ያሳርፉታል፣ እንደገና ሦስት ደቂቃ። ሲሊንደሩ ግን ጋዝ ይፈልጋል፣ ጋዙ ደግሞ በመኪና ይመጣል፣ ጋዝ ካለቀ ሥራው ቆመ። ሁለተኛው ቴርማል የሚሉት ነው፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ 100 ዲግሪ ገደማ ሞቆ በአንድ ደቂቃ ያልሞላ ጊዜ ያቃጥለዋል። ለገጠር የሚሆነው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ነጩ ነገር በጣም ሰፊ ከሆነ ወይም ወደ ቀዳዳው ውስጥ ከገባ ሁለቱም አይሆኑም፤ በኤሌክትሪክ ሽቦ ቆርጦ የማውጣት ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ትላካለች።

ከታከመች በኋላ ለሳምንታት ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ይወርዳታል፣ አትደንግጥ። ለአንድ ወር ያህል ከባሏ ጋር መገናኘት የለም። በዓመቱ ተመልሳ ትታያለች። የወሩን ነገር ነርሷ ብትችል ለባልየውም ብትነግርልን ጥሩ ነው፣ ሴቷ ብቻዋን ስትነግረው ቤት ውስጥ ነገር ይሆናልና።

እዚህ ላይ ስለ ባል ካነሣሁ ልጨርሰው። ቪያ ፖዘቲቭ መሆን ማንም ማንንም ወስልቷል ማለት አይደለም። ቫይረሱ ዓመታት አድፍጦ ሊቀመጥ ይችላል፣ ምናልባትም ከጋብቻው በፊት ጀምሮ፣ ከማን እንደመጣ የሚናገር ምርመራ የለም። በልጅነት መዳርና ብዙ መውለድ ካንሰሩን እንደሚያባብሱ ደግሞ ይታወቃል፣ እነሱን ደግሞ እናቶቻችን መርጠው አልገቡባቸውም።

ካንሰር ሆኖ ቢገኝስ? መጀመሪያው ላይ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ዙሪያውን ከያዘ ጨረርና ኬሞ የሚሉት የካንሰር መድኃኒት አብረው ይሰጣሉ፣ በውስጥ በኩል የሚሰጠው ጨረርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢንተርሌስ የተባለ ጥናት አንድ ደስ የሚል ነገር አሳየ፤ ከዋናው ሕክምና በፊት ለስድስት ሳምንት ብቻ የቆየና ርካሽ ኬሞ ሲጨመር፣ አምስት ዓመት በሕይወት የቆዩት ከ72 ወደ 80 በመቶ አደጉ። አዲስ ውድ መድኃኒት የለበትም። ግን ጨረሩ መኖር አለበት። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ጨረር የነበረው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፣ ለጎጃም ሴት ደግሞ ያ ማለት ደጀን ላይ ወርዶ ዓባይን መሻገር፣ ወረፋ መጠበቅ፣ ለሳምንታት ዘመድ ቤት መጠጋት፣ በሬ መሸጥ ነበር። አንድ ደቂቃ አቸቶ ከዚህ ሁሉ ጋር ሲመዘን ሒሳቡን ራሳችሁ አስሉት።

ቪያ የማያየውም አለ። የማህፀን ግድግዳ ካንሰርንና የእንቁልጢ (የሴቷን እንቁላል የሚያመርተው ዕጢ) ካንሰርን አያገኝም፣ «ቪያ ነጻ ነኝ» ብላ ካረጠች በኋላ ደም የምታይ ሴት ዝም እንዳትል። ለእንቁልጢው እስካሁን ለጤነኛ ሴት የሚሆን ቅድመ ምርመራ አልተገኘም፤ እንግሊዝ ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ ሴቶች በደም ምርመራና በአልትራሳውንድ ለዓመታት ተሞክሮ ሞትን አልቀነሰም። የማህፀን በር ዕድለኛነቱ መታየት መቻሉ ነው።

ሴት ልጅ ያላችሁ ደግሞ፣ የኤች ፒ ቪ ክትባት በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በትምህርት ቤት ይሰጣል። «መካን ያደርጋል» የሚለውን ወሬ ተዉት፣ አያደርግም። እንግሊዝ ውስጥ በ12 እና በ13 ዓመታቸው እንዲከተቡ በተደረጉት ላይ ካንሰሩ በ87 በመቶ ቀንሶ ታይቷል። ኬንያ ውስጥ የተደረገ ጥናት ደግሞ አንድ ክትባት ብቻ እንደሚበቃ አሳይቷል። የተከተበችም ስታድግ መመረመሯ አይቀርም፣ ክትባቱ ሁሉንም ዓይነት አይሸፍንምና።

ለመሄድ ያሰባችሁ፣ የወር አበባ ላይ አትሂዱ፣ ከዚያ በፊት ባለው ቀን ውስጡን አትታጠቡ፣ መድኃኒትም አታስገቡ። የወለደች ሴት ቢያንስ ስድስት ሳምንት ትቆይ። ነፍሰ ጡር ከሆነች መጀመሪያ ለነርሷ ትንገራት። ነጻ የሆነች በሦስት ዓመት ትመለሳለች።