በምርጫ ቅስቀሳ ንግግር ውስጥ የአጸፋ ሽሙጥ ምንድን ነው?

የአጸፋ ሽሙጥ አንድ ዕጩ የተሰነዘረበትን ክስ በቁጣ ከማስተባበል ይልቅ ከቁም ነገር የቆጠረው መስሎ በአድማጭ ፊት መሳቂያ የሚያደርግበት የንግግር ስልት ነው። ከአሽሙር የሚለየው ዒላማው በግልጽ በመታወቁ ነው፤ ከስድብ የሚለየው ደግሞ የሚያዋርደው ሰውየውን ሳይሆን የተናገረውን ነገር በመሆኑ ነው። ጥንታዊው የግሪክ የንግግር መምህር ጎርጊያስ የባላጋራን ቁም ነገር በሳቅ፣ ሳቁን ደግሞ በቁም ነገር ማፍረስ ይገባል ይል እንደነበር አርስቶትል ጽፏል።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 23 ቀን 1944 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በዋሽንግተን ለጭነት መኪና ሾፌሮች ማኅበር ያደረጉት የምርጫ ንግግር ስልቱን በሚገባ ያሳያል። ውሻቸው ፋላ በአላስካ በሚገኙት የአሉሺያን ደሴቶች ተረስቶ ስለ ቀረ እሱን ለማምጣት በሕዝብ ገንዘብ የጦር መርከብ ተልኳል የሚል ወሬ ተነዝቶባቸው ነበር። ሩዝቬልት የሪፐብሊካን መሪዎች በእሳቸው፣ በባለቤታቸውና በልጆቻቸው ላይ መዝመታቸው አልበቃ ብሏቸው አሁን ትንሹን ውሻ እንደጨመሩ ከተናገሩ በኋላ፣ ቤተሰባቸው ባይቀየምም ፋላ ግን ወሬውን ከሰማ ወዲህ እንደ ቀድሞው እንዳልሆነ ገልጸው አዳራሹን በሳቅ ሞሉት። ሳቁ ያረፈው በወሬው ላይ ብቻ ነበር፤ የተፎካካሪያቸው የቶማስ ዲዊ መልክም ሆነ ትውልድ አልተነካም። በዚያው ንግግር ስለ ኢኮኖሚ ድቀቱና ስለ ሠራተኛው መብት በቁም ነገር መከራከራቸውም ሊዘነጋ አይገባም። እንደ እኔ እምነት፣ ሽሙጡን ተገቢ ያደረገው ይህ ነው፤ መልስ ያለው ሰው መልሱን አጣፈጠበት እንጂ የመልስን ቦታ አልሸፈነበትም።

ዝምታም ሁልጊዜ ጨዋነት ተብሎ አይቆጠርም። እ.ኤ.አ. በ1988 ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት ማይክል ዱካኪስ ለተሰነዘሩባቸው ጥቃቶች ፈጥነው አለመመለሳቸው ስህተት እንደነበር በኋላ ራሳቸው ተናግረዋል።

ከሁሉ የከፋው ግን የሽሙጡ በትር ተፎካካሪውን ስቶ መራጩ ላይ ሲያርፍ ነው። ሂላሪ ክሊንተን እ.ኤ.አ. በ2016 የምርጫ ተፎካካሪያቸውን የዶናልድ ትራምፕን ደጋፊዎች ግማሽ ያህል አስነዋሪ ብለው በጅምላ ከፈረጁ በኋላ፣ በማግሥቱ «ግማሽ» ማለታቸው እንደጸጸታቸው ቢገልጹም፣ ቃሉን ተቀናቃኞቻቸው እስከ ምርጫው ድረስ መልሰው መላልሰው ተጠቀሙበት። ልጁ የሞተበት ወይም ሥራውን ያጣ ዜጋ በስብሰባ መካከል ተነስቶ ሲጠይቅም፣ አነጋገሩ የቱንም ያህል ሻካራ ቢሆን፣ ዕጩው በሽሙጥ ሊመልስለት ፈጽሞ አይገባም፤ ያ ሰው የጠየቀው ሊያስተዳድረው የሚፈልገውን ሰው ነውና የሚገባው ቀጥተኛ መልስ ነው።